የመጻሕፍት ከተማ ወዴት ነበረች?

ሌዋውያን ከወንድሞቻቸው ጋራ የምድር ርስት እንዳልተካፈሉ፥ ነገር ግን ከየነገዱ ርስት ላይ 48 ከተሞች ከነመሰምርያቸው እንደ ተሰጧቸው መጽሐፈ ኢያሱ በ21ኛው ምዕራፍ ይተርካል። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር ስም ብቻ ነው፤ አንባቢ ዘለል ዘለል እያለ ያልፈዋል፥ ሰባኪም የስብከት ርእስ ሲፈልግ ወደ እርሱ አይቀርብም። ዳሩ ግን ከእነዚያ ስሞች እያንዳንዱ ሰው የኖረበት፥ ውሃ የተቀዳበት፥ ካህናት ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ስፍራ ነበረ። ለአሮን ልጆች ከደረሷቸው 13 ከተሞች አንዲቱ በይሁዳ ርስት ውስጥ የነበረችው ዳቤር ናት። ዛሬ የምጽፈው ይህች ከተማ ወዴት እንደ ነበረችና ሊቃውንት እርስዋን ሲፈልጉ እንዴት እንደ ሳቱ፥ ኋላም እንዴት እንደ ተመለሱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ስለዚህች ከተማ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የወንጌል ጉባኤ ላይ ስለ ኢያሱ ዘመቻ ሳስተምር፥ ካነበብሁት የቈየ መጽሐፍ ተነሥቼ፥ «ኢያሱ ዳቤርን ያቃጠለበት አመድ ከምድር ተቈፍሮ ወጥቶ በዓይን ታይቷል» ብዬ ተናገርሁ። ሰሚዎቹም ደስ አላቸው፥ እኔም ደስ አለኝ። አመዱ በእውነት ተቈፍሮ ወጥቷል፤ ነገር ግን የዳቤር አመድ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሟ ጥቂት ልበል፤ ለእኛ ለቅኔ ቤት ሰዎች ፈተናው ከስሟ ይጀምራልና። መጽሐፉ ለዚህች ከተማ ሦስት ስም ይሰጣታል፤ ዳቤር፥ ቅርያትሤፍር፥ ቅርያትሰና። ሁለተኛው ስም በዕብራይስጥ የመጽሐፍ ከተማ ማለት ነው፤ ሰባው ሊቃናትም በጽርእ ሲተረጕሙት የፊደላት ከተማ ብለውታል። እንዲያውም በ15ኛው ምዕራፍ ቅርያትሰና የሚለውን ስም እንኳ እንደዚያው የፊደላት ከተማ ብለው መለሱት። በወጣትነቴ ከጓደኞቼ ጋራ ስንከራከር፥ አንዱ፦ «ዳቤር ያው ደብር ነው፥ ካህናት የሚኖሩበት ደብር ነበረ» ሲል፥ ሌላው፦ «ሤፍርም ያው ሰፈር ነው» ይል ነበር። ለቅኔ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ሰምና ወርቅ ይወጣለታል። ለታሪክ ግን አይበቃም። በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፥ ኋላም በተራራ ላይ ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ፤ የዕብራውያን ዳቤር ግን ሰሎሞን በሠራው ቤተ መቅደስ የውስጠኛው ክፍል ስም ሆኖ ይገኛል፥ ከኋላ ያለውን ስፍራ የሚያመለክት ነው የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ሰፈረም በግእዝ ለካ ማለት ነው፤ ስለ መጽሐፍ የሚናገረው ነገር የለም። ድምፅ መመሳሰሉ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ይህን የምናገረው ለልጆች ጨዋታ አይደለም፤ እነሆ በቀጥሎ እንደምናየው ታላላቆቹም የአውሮጳ ሊቃውንት በዚሁ መንገድ ሄደዋልና።

የጠፋች ከተማ በምን ትታወቃለች? ከሁሉ የተሻለው ምስክር ድንጋይ ስሟን ሲናገር ነው። ይህ ዕድል ከደረሳቸው አንዲቱ ጌዝር ናት፤ እርስዋም ከኤፍሬም ርስት ለቀዓት ልጆች የተሰጠች የሌዋውያን ከተማ ነበረች። ሻርል ክሌርሞን ጋኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፥ ሙጂር አድ ዲን የተባለው የኢየሩሳሌም ዐረባዊ ታሪክ ጸሓፊ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጻፈውን ሲያነብ፥ ስለ አንድ የዘላኖች ግጭት በሚተርክበት ስፍራ የጦሩ ጩኸት በቴል ኤል ጀዘር እንደ ተሰማ የሚል ቃል አገኘ። ከዚያ ተነሥቶ ስፍራውን ፈለገ፤ በ1871 ዓ.ም.ም ከኢየሩሳሌም ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአቡ ሹሻ መንደር አጠገብ ያለው የፍርስራሽ ጕብታ ጌዝር ነው ብሎ ወሰነ። ብዙዎች አላመኑትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በ1874 በጕብታው ዙሪያ ባለው ቋጥኝ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል የጌዝር ዳርቻ የሚል፥ በአጠገቡም በጽርእ ፊደል የአልኪዮስ የሚል ጽሕፈት ተቀርጾ አገኘ። ጽሕፈቱ የተቀረጸው በልደተ ክርስቶስ ዘመን አቅራቢያ ነው። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልቀረም። የሌዋውያን ከተማ ወሰን በገዛ ድንጋይዋ ተመሰከረ።

ለዳቤር እንዲህ ያለ ድንጋይ እስካሁን አልተገኘላትም። ስለዚህ ፈላጊዋ መጽሐፉ የሰጠውን ምልክት ይዞ ከመሄድ በቀር መንገድ የለውም። ምልክቱም ጥቂት ነው፥ ነገር ግን ጠንካራ ነው። ፊተኛው፥ ከተማዋ በየት ወገን እንደ ተቈጠረች ነው። መጽሐፈ ኢያሱ በ15ኛው ምዕራፍ የይሁዳን ከተሞች ሲቈጥር፥ በቈላው ያሉትን ለብቻ፥ በተራራማው አገር ያሉትን ለብቻ፥ በምድረ በዳው ያሉትንም ለብቻ አድርጎ ነው። ዳቤር የተቈጠረችው በተራራማው አገር ነው፤ ጎረቤቶችዋም የቲር፥ ሶኮ፥ ዓናብ፥ ኤሽትሞዓና ሌሎችም ናቸው። የቲርና ኤሽትሞዓ ደግሞ እንደ እርስዋ ለካህናት የተሰጡ ናቸው። ደጋና ቈላ ለይቶ መቍጠር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚህ ጎረቤቶች ደግሞ ስማቸውን እስከ ዛሬ አልጣሉም፤ ኤሽትሞዓ አስ ሰሙዕ በተባለችው ከተማ፥ ሶኮ በኺርበት ሹወይካ፥ የቲርም በኺርበት ዐቲር ይታወቃሉ። ሁሉም ከኬብሮን በስተ ደቡብ በተራራው ላይ ናቸው።

ሁለተኛው ምልክት ውሃ ነው። ካሌብ ቅርያትሤፍርን ለሚመታ ሰው ልጁን ዓክሳን እንደሚድርለት ተናገረ፤ የቄኔዝ ልጅ ጎቶንያልም ያዛትና አገባት። ሙሽራይቱም ወደ አባትዋ መጥታ ከአህያዋ ወረደች፥ የተሰጣት ምድር ደረቅ መሆኑን ነግራ የውሃ ምንጭ ለመነች፤ እርሱም ላይኛውንና ታችኛውን ምንጭ ሰጣት። ይህ ታሪክ በመጽሐፈ ኢያሱም በመጽሐፈ መሳፍንትም ተጽፏል። ለመተርጕማን ብዙ ምሥጢር የሚያወጡበት ስፍራ ነው፤ እኔ ግን አሁን የምመለከተው ተራውን ነገር ነው። ሙሽራ ውሃ የምትለምነው ውሃ በደጅዋ ሳይኖር ነው። እንግዲህ ዳቤር በተራራ ላይ ያለች፥ ምንጭ ከአጠገብዋ የሌላት፥ ነገር ግን ከእርስዋ ወጣ ብሎ ሁለት ውሃ፥ አንዱ ላይኛ አንዱ ታችኛ ሆኖ የሚገኝባት ከተማ መሆን አለባት።

ፊተኛው ፈላጊ ክላውድ ኮንደር የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ነበር። በ1870ዎቹ የፍልስጥኤምን ምድር እየለካ ካርታ ሲያወጣ፥ ከኬብሮን በደቡብ ምዕራብ ያለችውን አዝ ዛሂሪያን ዳቤር ናት አለ። ምክንያቱ ስፍራዋ ደጋ ከመሆኑ ሌላ ስሟ ነበር፤ ዐረብኛው ጀርባ ማለት ስለሆነ ዕብራይስጡም ከኋላ ያለ ማለት ስለሚመስል፥ አንዱ የሌላው ትርጕም ነው ብሎ ነው። እነሆ እንግዲህ ደብርና ሰፈር ስንል የነበርነው ብቻችንን አልነበርንም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዊልያም ፎክስዌል ኦልብራይት ነው። ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት የምሥራቅ ቋንቋና ታሪክ ሊቃውንት ሁሉ ስመ ጥር የነበረ፥ በኢየሩሳሌም የአሜሪካኖችን የምሥራቅ ጥናት ትምህርት ቤት የመራ ነው። በ1924 ቴል ቤት ምርሲም የተባለውን የፍርስራሽ ጕብታ ዳቤር እርሱ ነው አለ፤ ጕብታው ከኬብሮን በደቡብ ምዕራብ፥ ተራራው አልቆ ቈላው በሚጀምርበት ወገን ነው። ከሜልቪን ግሮቭ ካይል ጋራ ሆኖ በ1926፥ በ1928፥ በ1930ና በ1932 አራት ጊዜ ቈፈረው። የአፈሩን ድርብርብ ከላይ ወደ ታች በአሥር ፊደል ለይቶ፥ በየድርቡ የተገኘውን ገል አንድ በአንድ እየመረመረ፥ የትኛው ዓይነት ሸክላ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ የሚያስታውቅ ሥርዓት አወጣ። ይህ ሥራው እስከ ዛሬ ይመሰገናል፤ ከእርሱ በኋላ በዚያ ምድር የቈፈረ ሁሉ ከዚህ ሥርዓት ተምሯል። ካይልም በ1934 የታተመውን መጽሐፉን የቅርያትሤፍር አሥር ከተሞች ቍፋሮ በሚል አርእስት ሰየመው። ከተማይቱ የመጻሕፍት ከተማ ትባል እንጂ ከዚያ አፈር የመጻሕፍት ግምጃ ቤት አልወጣም።

የወጣው አመድ ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረችው ከተማ በብርቱ እሳት እንደ ጠፋች ታየ፤ በላይዋም ከቀድሞው ያነሰ፥ ድኻ ኑሮ ተጀመረ። ኦልብራይትም እሳቱን ያነደዱት እስራኤል ናቸው አለ፤ ነገሩም ለመጽሐፍ ቅዱስ እንደ ታላቅ ምስክር ሆኖ በየመጽሐፉ ተሰራጨ። እኔም ያስተማርሁት ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። በዚያው ጕብታ በእንስራ እጀታ ላይ የታተመ፥ ኤልያቄም የያውኪን ብላቴና የሚል ማኅተም ተገኘ። ኦልብራይት ያውኪን ማለት ወደ ባቢሎን የተማረከው ንጉሥ ዮአኪን ነው አለ፥ በዚህም የኋለኛዪቱን ከተማ ጥፋት ከናቡከደነፆር ዘመን ጋራ አያያዘው። በ1970ዎቹ ግን እነዚህ እንስራዎች ከዚያ መቶ ዓመት ያህል የቀደሙ፥ በሕዝቅያስ ዘመን የነበሩ መሆናቸው ታወቀ፤ ያውኪን የተባለውም ንጉሥ ሳይሆን አንድ የማይታወቅ ባለጸጋ ሰው ሆነ። ስም ከስም ስለ ተመሳሰለ ንጉሥ ያልነበረ ነገሠ።

በቴል ቤት ምርሲም ላይ የቀረበው ዋናው ክርክር ግን ቀላል ነበር፤ ማንም መጽሐፉን ያነበበ ካህን ሊያቀርበው ይችል ነበር። ጕብታው በቈላው ወገን ነው፥ ዳቤር ግን በተራራማው አገር ተቈጥራለች። ሶኮና የቲር፥ ኤሽትሞዓም ሁሉ በአንድ ወገን ሲሆኑ እርስዋ ብቻ ከእነርሱ ተለይታ ወደ ምዕራብ ወረደች። በ1954 ኩርት ጋሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን አይቶ፥ ዳቤር ከኬብሮን በደቡብ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራው ላይ ያለችው ኺርበት ራቡድ ልትሆን ይገባል ብሎ ጻፈ። ነገር ግን የኦልብራይት ስም ትልቅ ነበርና፥ በቍፋሮ እስኪመረመር ድረስ ብዙዎች ከፊተኛው አሳብ አልተነቃነቁም። ስለዚህ ነገር ሳስብ በቅኔ ቤት የምናውቀው ነገር ትዝ ይለኛል፤ ታላቅ መምህር የተናገረውን ዘይቤ ተማሪው ስሕተቱን ቢያይም እንኳ ደፍሮ አይነቅፈውም፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል።

በ1968ና በ1969 ሞሼ ኮካቪ የተባለ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በኺርበት ራቡድ ቈፈረ። ስፍራው የኬብሮን ወንዝ ሸለቆ የሚዞረው ድንጋያማ ኮረብታ ነው። ወንዝ ስል ዓመቱን ሁሉ የሚፈስ እንዳይመስላችሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው የሚሞላው። ኮካቪ በዚያ የከነዓናውያን ዘመን ከተማ አገኘ፤ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ14ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ሰው የኖረባት ናት። ከዚያም በላይ የይሁዳ ነገሥታት ዘመን ከተማ ቅጥርዋ ከብቦ ይታያል። ስፋትዋ በዚያ ተራራማ አገር ካሉት የጥንት ከተሞች ትልልቅ ከሚባሉት ያደርጋታል፤ እንግዲህ ከኬብሮን በስተ ደቡብ የነበረች አንዲት የታወቀች የከነዓናውያን ከተማ ትፈለግ እንደ ሆነ፥ ከእርስዋ የምትበልጥ ሌላ የለችም።

ስለ ውሃውም ነገሩ እንደ ታሪኩ ሆነ። በራቡድ ኮረብታ ላይ ምንጭ የለም፤ ሰዎቹ የሚጠጡት በዐለት በተፈለፈለ ጕድጓድ ያጠራቀሙትን የዝናብ ውሃ ነበር። ወደ ሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ግን ሁለት የውሃ ጕድጓዶች አሉ፤ የአገሩ ሰዎች አንዱን ቢር ዐለቃ ኤል ፎቃኒ፥ ሁለተኛውን ቢር ዐለቃ ኤት ታሕታ ይሉታል። ፎቃኒ ማለት ላይኛ ነው። ታሕታን ግን ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ልተረጕምለት አይገባኝም። እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ልጅ ደስ ቢለው አይፈረድበትም፤ ይህ እንደ ደብርና ሰፈር በድምፅ ብቻ የተመሳሰለ አይደለም፥ ቃሉ በዐረብኛም በግእዝም አንድ ሥር አለው፥ ትርጕሙም አንድ ነው፥ ነገሩም በምድር ላይ ቆሞ ይታያል።

እንግዲህ ስለ አመዱ። ዳቤር ወደ ራቡድ ስትመለስ፥ የቴል ቤት ምርሲም እሳት ባለቤት አጣ፤ ጕብታውም የትኛዪቱ ከተማ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። በራቡድ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከተማዪቱ በእሳት እንደ ጠፋች የሚያሳይ የአመድ ድርብ አልተገኘም። ይህን ያነበብሁ ቀን ደነገጥሁ። አንዳንድ ጸሓፊዎችም «እነሆ የኢያሱ ታሪክ ሐሰት ሆነ» ብለው ቸኵለዋል። እኔ ግን መጽሐፉን አንሥቼ 10ኛውን ምዕራፍ እንደ ገና ባነበው፥ ስለ ዳቤር የተጻፈው ተያዘች፥ ንጉሥዋም ሕዝብዋም በሰይፍ ተመታ ነው እንጂ ተቃጠለች የሚል ቃል ከቶ የለበትም። ኢያሪኮና ጋይ እንደ ተቃጠሉ ተጽፏል። በሰሜንም አሦር እንደ ተቃጠለች ተጽፏል፤ እንዲያውም በ11ኛው ምዕራፍ፥ በጕብታ ላይ ከነበሩት ከተሞች ኢያሱ አሦርን ብቻ እንዳቃጠለ ለይቶ ይነግረናል። ዳቤር ከእነዚህ ቍጥር አይደለችም። አመድ ፈላጊዎቹ ሁሉ፥ ማጽናት የፈለገውም ማፍረስ የፈለገውም፥ መጽሐፉ ያላለውን ነበር የፈለጉት። እኔም ከፊተኞቹ ጋራ ነበርሁ፤ ያ ምዕራፍ በእጄ እያለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ የጻፈውን አመንሁ።

ይህን ሁሉ ስል ራቡድ ዳቤር መሆንዋ እንደ ጌዝር ተረጋግጧል ማለቴ አይደለም። ስሟን የሚናገር ጽሕፈት የላትም፤ ዛሬ ከሊቃውንት ብዙዎቹ የሚቀበሏት ተራራው፥ ጎረቤቶችዋ፥ ዘመንዋና ውሃዋ አንድ ላይ ስለ ገጠሙ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ዳቤር ስለሚል ስም ሁሉ አንድ ነገር አይናገርም፤ በይሁዳ ሰሜናዊ ወሰን ሌላ ዳቤር ተጠቅሳለች፥ የኤግሎምም ንጉሥ ዳቤር ይባል ነበር፤ እነዚህን ከካህናቱ ከተማ ጋራ መቀላቀል አይገባም። ስለ መጻሕፍትዋም፥ ለካህናት የተሰጠችው አስቀድሞ የመጽሐፍ ከተማ ስለ ነበረች ይሆንን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፤ አሳቡ ያምራል፥ ነገር ግን አንድ ቃል እንኳ የሚደግፈው አላገኘሁለትም፥ ስለዚህ በዚሁ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ያስተማርሁበት ያ ጉባኤ እንደ ገና ሲጠራኝ፥ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ዳቤር የተናገርሁትን መለስሁ፤ አመዱ የሌላ ከተማ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉም ተቃጠለች እንደማይል፥ በራቡድ ግን ሁለቱ ውሃዎች እስከ ዛሬ በስማቸው እንዳሉ ነገርኋቸው። ከተቀመጡት መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ እጃቸውን አነሡ። እኔ ስለ አመዱ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«ከከተማዋ እስከ ውሃው ምን ያህል ያስኬዳል አሉን፥ መምህር?» አሉ።

«ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው አባ» አልሁ።

«መንገዱ ቍልቍለት ነው ወይስ ዳገት?»

«ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ ወጣ ገባ ነው።»

ቄሱ ጥቂት አሰቡና፦ «እንስራ ተሸክሞ ለሚመለስ ሰው ሩቅ ነው። ልጅቱ ከአህያዋ ወርዳ የለመነችው እውነትዋን ነው» አሉ።